እርጎው ያልረጋው ለምንድን ነው?

ጡቷ ያበጠ ላም ፔኒሲሊን ተወግታ በማግሥቱ የታለበ ወተት ለእርጎ ቢቀመጥ አልረጋ ይላል። ዓይን በላው ይባላል፤ ነገሩ ግን የመድኃኒቱ ሥራ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ከሻጋታ ያገኘው ይህ መድኃኒት፣ ባክቴሪያ በሚያድግበት ጊዜ የሴሉን ግድግዳ እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ግድግዳው የሳሳበት ሴልም ውሃ ገብቶበት ይፈነዳል። ጡት የሚያሳብጠውን ስትሬፕቶኮከስ ሲገድል እርጎ የሚያረጋውንም አይምርም። ወተቱን ማፍላት መድኃኒቱን አያስወግደውም፤ ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ጥቂቱም ሊጎዳው ይችላል።

ከገበያ ብልቃጥ ገዝቶ በግምት መውጋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንዳንድ ስታፊሎኮከስ የመድኃኒቱን ባለ 4 አቶም ቀለበት የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል፤ ቀለበቱ ከተሰበረ መርፌው ከንቱ ነው፤ ገንዘቡም እንዲሁ።

የደሴ ገበያ በሚቀርባት በኩታበር ወተት የሚሰበስብ ማኅበር ሁሉ፣ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመታገሻ ቀን ሳያልፍ የታከመች ላም ወተት መቀበል የለበትም። በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ ኪሳራው የማን ይሁን የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት ማኅበሩ ሊካፈለው ይገባል። እውነቱን የተናገረ ገበሬ ብቻውን ከከሰረ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብሎ ይቀላቅላል፤ የአንዲት ላም ወተትም የሁሉንም ያበላሻል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መርፌው የተሰጠበትን ቀን ከባለላሙ ጠይቆ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያስፍር።