ሁለት ባላ በአንድ መሬት

ሊኑክስን የወደደ ሰው ምክሩ አንድ ነው፤ «ዊንዶውሱን ጠራርገህ አጥፋውና ተገላገል» ይላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ምክሩ በርትቷል፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ደኅና ኮምፒዩተሮች ብዙ ናቸውና። እኔ ግን ለአማርኛ ጸሐፊ፣ በተለይም በኮምፒዩተር መጻፍ ከጀመረ ሃያ ዓመት ላለፈው፣ ይህ ምክር አይበጅም ባይ ነኝ። ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ይክፈለው፤ በአንዱ ወገን ዊንዶውስ፣ በሌላው ሊኑክስ ይኑር፤ ኮምፒዩተሩን ሲያስነሣ የሚሻውን ይምረጥ።

ምክንያቴ ፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው እትም ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት ፕሮግራሞች ቀደምት እትሞች የጻፍነው ሁሉ በላቲን ፊደል ቦታ በጭሰኝነት የሰፈረ ነው። ኮምፒዩተሩ «ሀ»ን አያውቃትም፤ የሚያውቀው አንድ የባዕድ ምልክት ነው፤ መልኳን የሚያለብሳት ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት የተከፈተ ልብ ወለድ የምልክት ክምር ይሆናል።

«ፎንቱን ወደ ሊኑክስ ገልብጠህ አንብበው» የሚለኝ አይጠፋም። ለማንበብስ ይሁን። ግን ከጅምር ግጥም ውስጥ አንዲት ቃል ለመለወጥ መጻፊያው ራሱ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ሰውም ቢሆን፣ የብራና ጸሐፊ ግልባጩን ከዋናው ጋር እንደሚያመሳክር፣ ዋናውን በትክክለኛ መልኩ አጠገቡ ሊያኖር ይገባዋል።

ክፍፍሉ ከዊንዶውስ በኩል ይጀመር፤ የራሱን ድርሻ የሚያሳንስበት መሣሪያ አለው፤ በተለቀቀው ባዶ ቦታ ሊኑክሱ ይጫናል። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚሉት ነገር ይጥፋ። እሱ ሳለ ዊንዶውስ ተዘጋ ቢባልም አሸልቦ ነው የሚቆየው፤ በእንቅልፉ ሳለ ከሊኑክስ በኩል ገብቶ ፋይሎቹን መነካካት ጽሑፍ ያበላሻል። በሰዓትም አይስማሙም። ሊኑክስ የኮምፒዩተሩን ውስጣዊ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ ዊንዶውስ የአገሩ ሰዓት መስሎት ያነበዋል፤ አዲስ አበባ ላይ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። (ሰዓትን ከንጋት ጀምረን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ደግሞም በአንዲት ትእዛዝ ይታረማል።)

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ተረቱ። እዚህ ላይ ግን ተረቱ አያዋጣም። ሁለቱም ባላ የቆሙት በአንድ መሬት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ የሞተ ዕለት አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ገና ክፍፍሉ ሳይጀመር ጽሑፉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ እንደ ሆነም የመክፈቻው ቁጥር በወረቀት ይጻፍ።

ድጋፍ ያጣው ዊንዶውስ ወደ ኢንተርኔት እንዲወጣ አልፈቅድለትም፤ ደብዳቤውም ባንኩም በሊኑክስ በኩል ነው። የእኔው ዊንዶውስ 60 ጊጋባይት ይዞ እንደ ጎተራ ተቀምጧል። በውስጡ ያለው የዘመናት ጽሑፌ ተጠራቅሞ አንዱን ጊጋባይት እንኳ አልሞላም።