ችግኙ ርካሽ፣ ዘመኑ ውድ

ሰኔ ሲገባ ከአዲስ አበባ መውጫ መንገዶች ዳር የችግኝ ገበያው ይደራል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መስመር አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ፖሙ፣ ጌሾውና ጽዱ በጥቁር ፕላስቲክ ታቅፎ ይደረደራል። ገዢው በዋጋ ይከራከራል፣ ሻጩም "የትም ይበቅላል" ብሎ ይምላል። ችግኙ የሚተከልበት ቦታ ከፍታው ስንት እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አይገኝም።

ጥያቄው የግብርና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ጥያቄ ነው። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለማሳየት ከ5 ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። በ5ኛው ዓመት "ቦታው አልተስማማውም" ቢባል የከሰረው የችግኙ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ፣ የውሃው፣ የጥበቃውና የዘመኑ ሒሳብም አብሮ ይወድቃል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም አየራቸው አልተጠቃለለም። ሰበታ በ2,300 ሜትር ገደማ፣ በወይና ደጋና በደጋ ወሰን ላይ ትገኛለች። ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ሲወጣ ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከእንጦጦ ጀርባ የተዘረጋው የሱሉልታ ሜዳም ጥርት ያለ ደጋ ነው። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሰበታና በሱሉልታ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ያህል ነው። ይህ ለሰው ሹራብ የሚያስደርብ ነው፤ ለተክል ግን የማፍራትና ያለማፍራት ጉዳይ ነው።

ከዚህ የባሰው ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱም ጸጥ ባለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ስለሆነም ሜዳው ከተዳፋቱ ይበልጥ ይመታል። በክረምት ደግሞ የሜዳው ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚያቁር የዛፍ ሥር ይበሰብሳል። ደላላው "ሜዳ ነው፣ አስፋልት ዳር ነው" እያለ የሚያስወድደው መሬት ለፍራፍሬ ሲሆን ከኋላው ካለው ርካሽ ተዳፋት ያነሰ ነው። የሱሉልታ ገበሬ ሜዳውን ለሣርና ለወተት ላም መተዉ ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ሲያበቃ የሚታጨደው ሣር በድርቆሽነት ተከምሮ በበጋ ገንዘብ ይሆናል።

አንዳንዶች በአዲስ አበባ ግቢዎች አቮካዶ ሲያፈራ መታየቱን በማስረጃነት ያቀርባሉ። እውነት ነው፤ ይሁንና በከተማ ግቢ ውስጥ ግንቡና የጎረቤት ቤት ቀን የያዙትን ሙቀት ሌሊት ይለቃሉ። ገላጣ ሜዳ ላይ ይህ ከለላ የለም። ማንጎና ፓፓያ ግን የቆላና የሞቃት ወይና ደጋ ተክሎች በመሆናቸው በሦስቱም ከተሞች ለንግድ ባይታሰቡ ይሻላል።

የአበባ ባለሀብቶች ይህን ሒሳብ ቀድመው ያውቁታል። ያው ጽጌረዳ ከ1,600 ሜትር ብዙም በማይበልጠው የባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ሲለማ አበባው አነስ ይላል፤ በካሬ ሜትር የሚሰጠው ዘንግ ግን ይበዛል። በሰበታና በሆለታ ብርድ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዘንጉ ያንሳል፤ አበባው ግን ትልቅ ይሆናል። ሁለቱም ገበያ አላቸው። ኪሳራው የአንዱን ዝርያ ከሌላው ቦታ ሲያጋቡት ነው።

ለደጋው የሚስማማው ተክል ጥቂት አይደለም። ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ብርዱን ይችላሉ። በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬው የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች ለዚሁ ከፍታ የተመረጡ ናቸው። ፖም የፈለገ ሰው የጨንቻን ደጋ ልምድ ይመልከት። ሆኖም ዝርያውን ሳይጠይቅ አይግዛ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን ብዙ ብርድ የማይጠይቁና እርስ በርስ የሚዳቀሉ በመሆናቸው አንዱን ብቻ መትከል ምርቱን ያሳንሳል። ለአጥርና ለጥላም ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የአገሩ ናቸው፤ ከሰበታ በላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ምስክር ነው።

ጊዜውም እንደ ዝርያው ይመረጣል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ሳያቆም ሥር ይሰድዳል። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለው ግን ገና ሳይጠና ውርጩ ይደርስበታል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሻጩ በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ የዝርያውን ስም፣ የሚስማማውን ከፍታና ከዘር የበቀለ ወይም የተዳቀለ መሆኑን ይጻፍ። የከተማው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይህን የንግድ ፈቃድ ግዴታ ያድርገው። ገዢው በበኩሉ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ደላላውን ሳይሆን የአካባቢውን ገበሬ "በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ የት ይወርዳል?" ብሎ ይጠይቅ። ገበሬው ለዚህ መልስ ኮሚሽን አይቀበልም።