ከጩኸት ዕቃ በፊት የጆሮ ዕቃ

«ምን ልግዛ?» በቆቦ ከተማና በራያ ቆላ ሙዚቃ ለመሥራት ወይም ዲጄ ለመሆን የሚሻ ወጣት ዛሬ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጥያቄውም የተገባ ነው። መልሱን የሚሰጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ዕቃ ሻጭ፣ ሁለተኛው ዕቃውን ገዝቶ ዕዳ ውስጥ የገባ ጓደኛ። ሻጩ ትልቁን ድምፅ ማጉያ ያሳያል፤ ጓደኛውም ብቻውን ሞኝ ሆኖ ላለመቅረት ሻጩ ያለውን ይደግማል። እኔ መምህር እንጂ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ቢሆንም የሁለቱም ምክር ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት እደፍራለሁ። የሚቃወመኝ ቢኖር ብዕሩን ያንሣ።

ባለፈው ጥር ከቆቦ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ መንደር ለሠርግ ተጠርቼ ነበር። ከዳሱ ገና ሳንደርስ የሞንታርቦው ጩኸት ከሩቅ ተቀበለን። በዳሱ ጥግ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ሁለት ታላላቅ ማጉያዎች እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጣ ዘፈን ያከታትላል። እናቶች ከበሯቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለዋል፤ ቢመቱትስ ማን ይሰማቸዋል? ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግን የጄኔሬተሩ ነዳጅ አለቀ። ያን ጊዜ ከእናቶቹ አንዲቱ ከበሮዋን መታች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ጭብጨባው ተነሣ፤ ጎረምሶቹም ዱላቸውን ይዘው ወደ መካከል ገቡ። ከሁሉ የገረመኝ ዲጄው ራሱ ዕቃውን ጥሎ ከጭፈራው መግባቱ ነው። ነዳጁ ተገዝቶ በመጣ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ቅር አለን።

ማታ ወጣቱ ወደ እኔ ቀረበና፣ «ጋሼ፣ የእናቶችን ዘፈን በስልኬ ቀድቼው ነበር፤ ሳዳምጠው ግን ድምፁ ተሰነጣጥቋል፤ ከበሮውም ከከበሮ አይቆጠርም» አለኝ። ቀጥሎም አባቱ ከማሽላው ሽያጭ ገንዘብ ሊሰጠው ቃል እንደ ገባለትና በዚያ ገንዘብ ከፊተኞቹ የሚበልጡ ማጉያዎችና ባለ ቀለም መብራት ለመግዛት ማሰቡን አጫወተኝ። ማጉያ ሊጨምር! ማጉያው ዝም ባለ ጊዜ የሆነውን በዐይኑ ያየ ልጅ!

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጀማሪ የሚሰማበትንና የሚቀዳበትን ዕቃ አስቀድሞ ይግዛ፤ የሚያስጮኸውን ያቆየው። ሞንታርቦ በኪራይ ይገኛል፤ ሠርግ ሲኖር ተከራይቶ በማግሥቱ መመለስ ነው። ከዚህም በቀር፣ ተሰናድተው ከሚሸጡት የሙዚቃ ሶፍትዌሮች ውስጥ የአሜሪካ ከበሮ በሺህ ዐይነት ይገኛል፤ የቆቦን እናቶች ከበሮ በዚያ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። አንድ የቆቦ ልጅ ማይክሮፎን ይዞ ቀርቦ ካልቀዳው ማን ሊቀዳው ነው? ማጉያ ብቻ የገዛ ወጣት የሰው ዘፈን አመላላሽ ሆኖ ይኖራል፤ ጎረቤቱም ነገ የሚበልጥ ማጉያ ሲገዛ ሥራው ያከትማል።

«ኮምፒዩተሩስ እንዴት ያለ ይሁን?» ለሚል፣ አዲስና አንጸባራቂ መሆን አያሻውም፤ ተሠርቶበት የቆየ፣ ነገር ግን ያልተጎዳ ይበቃል። ራም የሚባለው ከ8 ጊጋባይት አይነስ፤ ቢቻል 16 ይሁን። ማከማቻው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ መሆኑ ቀርቶ ኤስ ኤስ ዲ ይሁን፤ ሙዚቃ ሲቀነባበር ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ከማከማቻው ይነበባልና። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ፀሐይዋ የማትራራ፣ አቧራዋም የበዛ ከተማ ናት። ስለዚህ እንደ ወረቀት ከሳሳው ይልቅ ማራገቢያው የበረታውንና በቀላሉ ተከፍቶ የሚጠረገውን መምረጥ ይገባል። ኮምፒዩተር ከመጠን በላይ ሲግል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ ድምፁም መቆራረጥ ይጀምራል፤ ባለቤቱ ግን ሶፍትዌሩን ይረግማል። ባትሪውም አስቀድሞ ይመርመር፤ መብራት ሲጠፋ ሥራውን የሚያድን እርሱ ነው።

«አፕል ካልሆነ ሙዚቃ አይሠራም» የሚለው ወሬ በወጣቶች ዘንድ እንደ ሃይማኖት ተይዟል። የአፕል ኮምፒዩተር ደግ ዕቃ መሆኑን አልክድም፤ ጋራጅ ባንድ የሚባለው ሶፍትዌርም ያለ ዋጋ ይገኝበታል። ነገር ግን በአዲሶቹ ማክቡኮች ራሙ ከውስጥ ተጣብቆ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ዛሬ 8 የገዛ ነገ 16 ሊያደርገው አይቻለውም። ኤብልተን ላይቭና ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በዊንዶውስም በአፕልም ላይ ይሠራሉ። ሪፐር የሚባለው 60 ቀን ያለ ክፍያ ተፈትኖ ከዚያ በአነስተኛ ዋጋ ይገዛል፤ ኦዳሲቲ ደግሞ ከነአካቴው ዋጋ የለውም። ይህ ሁሉ ሳለ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ከማይታወቅ ፍላሽ እየገለበጡ ከነቫይረሱ ወደ ቤት ማስገባት ምን የሚሉት ብልኅነት ነው?

ከኮምፒዩተሩ ቀጥሎ ሊገዛ የሚገባው፣ ሻጮች እምብዛም የማያነሡት፣ አንድ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ሳውንድ ካርድ ወይም ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይሉታል። ሁለት ማይክሮፎን የሚቀበል ይሁን፤ አንዱ ለዘፋኟ፣ አንዱ ለከበሮው። የወጣቱ የስልክ ቅጂ የተሰነጣጠቀው ድምፁ ስልኩ ሊቀበል ከሚችለው በላይ ስለ በረታበት ነው። በሣጥኑ ላይ ግን የድምፁን መግቢያ የሚያጠብ ቁልፍ አለ። ከበሮው እጅግ በተመታበት ጊዜ እንኳ ቀዩ መብራት እንዳይበራ አድርጎ ቁልፉን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ግማሹ ሙያ ይኸው ነው። ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ እስኪወጣም ጥቂት ይዘገያል። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ 256 ናሙና እያጠራቀመ ቢሠራ፣ መዘግየቱ በአንድ ወገን ከሰከንድ አንድ ሺህኛው 6 ያህል ነው፤ ይህን ጆሮ ይታገሠዋል። ሣጥን በሌለው ኮምፒዩተር ግን መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ከበሮ መቺውም የገዛ ምቱ ወደ ኋላ ቀርቶ ስለሚሰማው እጁ ይሳሳታል።

ስለ ማይክሮፎን ሲነገር ወጣቶች ሁሉ ኮንደንሰር የሚባለውን ይመኛሉ። ይህ 48 ቮልት የሚሻ ስሱ ማይክሮፎን ጸጥ ባለ ስቱዲዮ ድንቅ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ግን የጎረቤቱን ዶሮና የባጃጁን ጡሩምባ ከዘፈኑ ጋር አደባልቆ ይሰበስባል። ለጀማሪ ዳይናሚክ የሚባለው ይሻላል። ሹር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው ኤስ ኤም 58 እስከ ዛሬ እየተሠራ ይሸጣል፤ ወደ 60 ዓመት ከገበያ ያልወጣ ዕቃ ስለ ራሱ ይመሰክራል። አስመስለው የሚሠሩት ስለ በዙ ግን ገዢው ይጠንቀቅ። የጆሮ ማዳመጫውም ጆሮን ሙሉ የሚከድንና ወፍራሙን ድምፅ የማያጋንን ይሁን።

ዲጄነትን ብቻ ለሚሻውም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ላፕቶፕ በተለምዶ አንድ የድምፅ መውጫ ብቻ ስላለው፣ ሕዝቡ አንዱን ዘፈን ሲሰማ ዲጄው የሚቀጥለውን ለብቻው ማዳመጥ አይችልም። ስለዚህ የራሱ ሳውንድ ካርድ ያለው ባለ ሁለት ወገን ትንሽ ኮንትሮለር ያስፈልገዋል፤ ትልቁ አያስፈልገውም። በኮንትሮለሩ ላይ ሲንክ የምትባል ቁልፍ አለች፤ የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በራሷ ታስተካክላለች። ፍጥነቱ በመኪና ለተለካ ዘፈን ታማኝ አገልጋይ ናት። ሰው በእጁ ከበሮ የመታበት የድሮ ካሴት ሲቀርብላት ግን ትደናገራለች፤ ጭፈራ ሲሞቅ ሰው ይፈጥናልና። በሲንክ ብቻ ያደገ ዲጄ እንግዲህ የወሎን የቀድሞ ዘፈን «አይገጥምም» ብሎ ይሸሸዋል። ያልገጠመው ዘፈኑ ነው ወይስ የልጁ ጆሮ?

እስካሁን ከሻጮች ጋር ተሟገትሁ፤ አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር። «ኮምፒዩተር ባህላችንን ገደለው፤ ከሠርግና ከበዓል ይከልከል» የሚሉ የተከበሩ ሰዎች አሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ሆኖ፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ መኪና ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀዳ፤ ያ ካሴት ከ28 ዓመት በኋላ እንደ ገና ታትሞ በውጭ አገር አያሌ አድማጭ አገኘ። በቅርቡም በዲጄነት የጀመረው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ የኮምፒዩተርን ምት ከአገር ዜማ ጋር አጋጥሞ ለወጣቱ አሰምቷል፤ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም በየፊናቸው በዚሁ መንገድ ሄደዋል። በእነዚህ ሰዎች እጅ መኪናው ማንን ገደለ?

ሆኖም የባህል ጠባቂዎቹ አንድ እውነት ይዘዋል፤ እርሱን መካድ ነውር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከምንላቸው ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ ምድር ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ይህ ለወሎ ልጅ ትንሽ ርስት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ግን ኦክታቩን ለ12 እኩል ክፍል ከፍሎ ይመጣል፤ ማሲንቆ መቺ ደግሞ ጣቱን የሚያሳርፈው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ አንድ ላይ ማሰማት ጆሮን ይቧጥጣል፤ በየሠርጉ የምንሰማው የኦርጋን ዘፈን ብዙ ጊዜ የሚጎረብጠን ስለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ግን እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 12ኛው ኤብልተን ላይቭ እንደ ልብ ይቃኛል፤ ሰርጅ ኤክስ ቲ የሚባለውም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲንተሳይዘር እንዲሁ። ስለዚህ ወጣቱ ሶፍትዌር ሲመርጥ «ስንት ከበሮ አለው?» ከማለቱ በፊት «ይቃኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ምቱን ሁሉ በመስመር ላይ እየጎተተ የሚያሰልፈውን ኳንታይዝ የሚባል ትእዛዝም፣ በተለይ በከበሮ ላይ፣ እጁን ሰብሰብ አድርጎ ይጠቀምበት።

ስለ ቆቦ ሲጻፍ ጦርነቱን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. እንደ ገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ከተማይቱን ሁለት ጊዜ አገኛት። ሰው ሞተ፣ ሰው ተሰደደ፣ መብራትና ስልክም ተቋረጠ። ከማውቃቸው ቤተ ሰቦች በአንዱ፣ የአያታቸው ድምፅ በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበረ፤ ስልኩም በሽሽት ላይ ጠፋ፤ አያቲቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። በሰከንድ 48,000 ናሙና በ24 ቢት በሁለት ማይክሮፎን የተቀዳ የአንድ ሰዓት ዘፈን 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል እንግዲህ አንድ የውጭ ማከማቻ ዲስክ መጨመር ግዴታ ነው፤ አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሁለተኛው ወልድያ ወይም ደሴ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ባለ ቀለሙ መብራት ከዚህ በኋላ ይታሰብ።

ይህን መጽሔት የሚያነቡ ባለሥልጣኖችም ከነገሩ ውጭ አይደሉም። ለቆቦ ልጅ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ነው። እርሱን እዚህ አምጡልን አልልም። ነገር ግን አንድ ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ማይክሮፎንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ በአንድ የትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ቢቀመጡ፣ የማሽላ ዋጋ ለማጉያ ሊያወጣ የተነሣው ወጣት አስቀድሞ ሞክሮ መምረጥ ይችላል። ነሐሴ 16 ቀን ሶለል ነው፤ ልጃገረዶቹ ከበሮአቸውን ይዘው ይወጣሉ። ወጣቱን ጠይቄው ሊቀዳቸው ፈቃደኛ ነው፤ እናቱም ከበሮውን አጥብቀው ይምቱ ወይስ ቀስ አድርገው ብላ ከወዲሁ ጠይቃኛለች። ትምህርት ቤት በክረምት ሲዘጋ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ግን የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።