ሠራተኛን በምን ዘዴ እናሠልጥን?

አንባቢ ሆይ፤ ነገ የመሥሪያ ቤትህ አለቃ «አዲሶቹን ሠራተኞች አሠልጥን» ቢልህ ከየት ትጀምራለህ? አዳራሽ ይዞ ሦስት ቀን ንግግር ማሰማት ቀላሉ መንገድ ነው። ነገር ግን የሰማ ሁሉ ሠሪ አይሆንም።

በጋይንት የሚገኘውን የቤተልሔምን የድጓ ጉባኤ ቤት ተመልከት። ተማሪው ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ በማኅሌት ቆሞ ያገለግላል፤ ቀድሞ ያወቀው ለተከታዩ ያስቀጽላል። በመጨረሻም በመምህሩ ፊት ተፈትኖ ያስመሰክራል። ጆሮ፣ እጅና አፍ አብረው ይሠለጥናሉ ማለት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ይህን የመሰለ መንገድ ይዟል። ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሲሠለጥኑ፣ ከትምህርቱ ከመቶ 30 እጁ በክፍል፣ 70 እጁ በተግባር እንዲሆን ተደረገ። ለምን ቢባል፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር የታመመ ልጅ ታቅፋ ወደ ጤና ኬላ የመጣች እናት የምትሻው የደብተር ንባብ ሳይሆን የተለማመደ እጅ ነውና።

ስለዚህ ዘዴውን ከሥራው አንጻር ምረጥ። ደንብና መመሪያ በንግግርና በጽሑፍ ይሰጣል፤ የእጅ ሥራ በልምምድ ይለመዳል፤ ባለጉዳይን ማስተናገድ ግን ከነባር ሠራተኛ ጎን ተቀምጦ በማየት ይገኛል። ከአንድ ወር በኋላም ወደ ሥራው ቦታ ሄደህ ፈትን። ይህ ካልሆነ ሥልጠናው አበል ከመክፈል አያልፍም።