ከጎብኚው ቁጥር በፊት የጠባቂው ኑሮ፦ የፊሊፒንስ ደሴቶች የቱሪዝም ፖሊሲ ሲመዘን

ፊሊፒንስ 7,641 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣቻቸው ስድስት የገንዘብ ኖቶች ጀርባ ላይ የታወቁ የተፈጥሮና የባህል መስህቦቿን አትማለች። በ20 ፔሶው የባናዌ የሩዝ እርከን፣ በ100 ፔሶው የማዮን እሳተ ገሞራ፣ በ500 ፔሶው የፖርቶ ፕሪንሴሳ የከርሰ ምድር ወንዝ፣ በ1000 ፔሶው የቱባታሃ ኮራል ሪፍ ይታያሉ። እርከኑን የሚጠግነው ገበሬም ሆነ ሪፉን የሚጠብቀው ዘብ ግን በኖቶቹ ላይ የለም። ጉዳዩ የኖት ንድፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነጋገረ ነበር። ይሁንና በመስህቦቹ ላይ የሚካሄደው የፖሊሲ ክርክርም በአብዛኛው በዚሁ ዓይን የሚያይ ነው፤ ጎብኚውን ይቆጥራል፣ ገቢውን ያሰላል፣ መስህቡን በሕይወት የሚያቆየውን ሰው ግን ከስሌቱ ውጭ ይተዋል።

የጎብኚን ቁጥር መገደብ የሚያስፈልግበት ቦታ መኖሩ አያከራክርም። ለዚህ ቦራካይ በቂ ምሳሌ ናት። ስፋቷ 1,032 ሄክታር ብቻ የሆነችው ይህች ደሴት እ.ኤ.አ. በ2017 ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎችን አስተናግዳለች። ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕር መለቀቁና ሕንፃዎች እስከ ባሕሩ ጠርዝ መጠጋታቸው ተደማምሮ፣ መንግሥት ደሴቲቱን ከኤፕሪል 26 ቀን 2018 ጀምሮ ለስድስት ወራት ለጎብኚዎች ዘጋት። ስትከፈትም በአንድ ጊዜ የሚኖሩባት ጎብኚዎች ከ19,215 እንዳይበልጡ ተወሰነ። ጉዳቱ የመጣው ደሴቲቱ ልትሸከመው ከምትችለው በላይ በሆነ ብዛት ስለነበር መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ይዛመዳል። ሆኖም ገደብ በራሱ አይከበርም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የሕማማት ሳምንት የጎብኚው ቁጥር ከተቀመጠው ጣሪያ አልፎ ተገኝቷል። በመዘጋቱ ወቅት የዕለት ገቢያቸውን ያጡትም በሆቴልና በጀልባ ሥራ የሚተዳደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ።

ቱባታሃ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሱሉ ባሕር መካከል፣ ከፖርቶ ፕሪንሴሳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ይህ ሪፍ እ.ኤ.አ. በ1988 ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ሆነ፤ በ1993 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጠላቂዎች የሚደርሱበት ባሕሩ ጸጥ በሚልበት፣ ከማርች አጋማሽ እስከ ጁን አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። ዘቦቹ ግን በአሸዋ ክምር ላይ በቆመች ጣቢያ ውስጥ እየተፈራረቁ ዓመቱን ሙሉ ይኖራሉ። በአካባቢው ዓሣ ማስገር ሲከለከል ጥቅም የቀረበት የካጋያንሲሎ ማኅበረሰብም ከጎብኚዎች ክፍያ ድርሻ እንዲያገኝ ተደርጓል። እዚህ ላይ የወቅቱና የርቀቱ እገዛ ቀላል ባይሆንም፣ ጥበቃው ባለቤትና መተዳደሪያ እንዳለው ልብ ማለት ይገባል።

ወደ ኢፉጋኦ ሲመጣ የቁጥር ገደብ ምን እንደሚፈታ መናገር ያዳግታል። በሉዞን ደሴት ተራሮች ላይ ያሉት አምስት የእርከን ስብስቦች እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ቅርስ ሆኑ፤ በ2001 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገቡ፤ በ2012 ከመዝገቡ ወጡ። ለአደጋው ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ገበሬው እርከኑን እየተወ መሄዱ ነበር። እርከን አንዴ ተሠርቶ የሚቀር ሐውልት አይደለም። ሙዮንግ የሚባለው የቤተሰብ ደን ከላይ ሆኖ ውሃውን ይይዛል፣ ቦዩ ያወርደዋል፣ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳው ያቁረዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል መሬቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲጥል ይናዳል። ቲናዎን የተባለው ነባር የሩዝ ዝርያ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ምርት ስለሚሰጥ ወጣቱ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወርዳል። በቀዬው የቀረውም ጎብኚ መርቶ ወይም ዕቃ ተሸክሞ የሚያገኘው ገንዘብ ከማሳው ፈጥኖ እጁ ይገባል። በዚህ ሁኔታ የጎብኚው ገንዘብ ራሱ ጎብኚው ሊያየው የመጣውን ሥራ ሊያስተው ይችላል። በአጨዳና በለቅሶ ጊዜ የሚዜመው ሁድሁድም የሚኖረው ማሳው እስከታረሰ ድረስ ነው፤ አጨዳው ከቀረ ዜማው ከመድረክ በስተቀር መጠጊያ አይኖረውም።

ስለሆነም ለሦስቱም ቦታዎች መቅደም ያለበት ጥያቄ «የዚህ ቦታ ጠባቂ ማን ነው? በምንስ ይኖራል?» የሚል ነው። በቦራካይ መልሱ የፍሳሽ ሥርዓትንና የቁጥር ገደብን ያስቀድማል። በኢፉጋኦ ግን ከጎብኚ የሚሰበሰበው ገንዘብ በቅድሚያ ለግድግዳ ጥገና፣ ለቦይ ጠረጋና ለሙዮንግ እንክብካቤ መመደብ፣ ለባለማሳዎቹም በቀጥታ መድረስ ይኖርበታል። የስኬቱ መለኪያም የመጡት እንግዶች ብዛት መሆኑ ቀርቶ በዓመቱ የታረሰው እርከን ስፋትና የተጠገነው ግድግዳ ርዝመት ቢሆን ይመረጣል።

ገበሬን ለእርከኑ ብሎ መክፈል ባህልን ወደ ትርኢት፣ ባለቤቱንም ወደ ተዋናይ ይለውጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ለልብስና ለጭፈራ መክፈልና ለግድግዳ ጥገና መክፈል አንድ አይደሉም፤ የተጠገነ ግድግዳ ጎብኚ ባይመጣም ሩዝ ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የነባር ሕዝቦች መብት ሕግም በመሬታቸው ላይ ለሚካሄዱ ፕሮጀክቶች የማኅበረሰቡን ነጻና ቅድሚያ የተሰጠ ፈቃድ ይጠይቃል። ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል የሚወስኑት የኢፉጋኦ ሰዎች እስከሆኑ ድረስ ተዋናይ የሚያደርጋቸው አይኖርም።

የጎብኚ ቁጥር በቀላሉ ስለሚቆጠር የፖሊሲ አውጪዎችን ዓይን ይስባል። የገበሬ መቀነስ ግን በበር ላይ ቲኬት አይቆረጥለትም። የሚታወቀው ግድግዳው ከተናደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ድንጋዩን መልሶ መካብ የሚያውቅ ሰው በቀዬው ላይገኝ ይችላል።