«ጭሱ ወጥቷል እኮ ዶክተር»

ክረምት በገባ ቁጥር በአራዳና በፒያሳ አሮጌ ቤቶች በር ተዘግቶ ከሰል ተይዞ ይተኛል። «ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ብቻ ነው» ትሉኛላችሁ። ገዳዩ ግን ጭሱ አይደለም! ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚወጣውም ከዚያው ከቀላው ፍም ነው። ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በሩን ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድንም።

«ታዲያ በቡታጋዝ እንሙቅ?» ለማብሰል፣ መስኮት ተከፍቶ፣ እሺ። ለማሞቂያ ግን አልስማማም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለሉ ላይ ይተኛል። ፍራሽ መሬት ለሚነጠፍበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም። አየር ባጠረው ክፍል ሲነድ ደግሞ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመጣል። (የውጭ ቪዲዮ አይታችሁ ስለ ተፈጥሮ ጋዝ የጠየቃችሁኝ፣ እኛ ሰፈር በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ የለም።)

የኔ ምርጫ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ያውም ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ሳይሰካ፣ የድሮ ቤት ሽቦ አይችልም። መብራት ከጠፋ ጋቢ ደርቡ፣ ከሰሉ ውጭ ይደር።

ቤተሰቡን ሁሉ አንዴ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በሩን ከፍታችሁ ውጡ፣ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።