ከጠረጴዛው የተነሣው ጋዝ

ባለፈው ወር በካልጋሪ፣ አቢዴል ሰፈር፣ በአንድ ወዳጃችን ምድር ቤት የማይጨው ጦርነት በጠረጴዛ ላይ ሲካሄድ አመሸሁ። አውራ ጣት የማይሞሉ፣ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች ተሰልፈዋል፤ በሽቦ የተንጠለጠሉ የካፕሮኒ አውሮፕላኖችም ነበሩ። የጨዋታው መጽሐፍ ስለ አየር ጥቃት በቂ ስላልደነገገ ተጫዋቾቹ የራሳቸውን የቤት ደንብ አውጥተዋል፦ በየተራው አንድ አውሮፕላን ይገባል፤ ዳይስ ይጣላል፤ አምስት ወይም ስድስት ከወጣ አንድ የጦር ክፍል ከጠረጴዛው ይነሣል። የመርዝ ጋዝ «ለጨዋታ አይመችም» ተብሎ ተሰርዟል። «ሚዛን ለመጠበቅ» ደግሞ ለኢትዮጵያ ወገን ተጨማሪ ፀረ-አውሮፕላን መድፎች ተሰጥተዋል።

ደንቡ በቅን ልቦና እንደወጣ አልጠራጠርም። ስሕተት ነው ብዬ ግን እከራከራለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተት የሂሳብ ነው። የአየር ጥቃት ጉዳት በግንባር በወደቁት ቁጥር ብቻ አይለካም። በቀን መጓዝ ያልቻለ ሠራዊት በሌሊት ይጓዛል፤ እሳት አያነድም፤ ይበታተናል፤ አጋሰሱ ያልቃል፤ ውሃና ሣሩ ይመረዛል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቦምብ የወረደው በደሴ ከተማ ላይ ነበር፤ ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የተደበደበው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የተዋጋው ሠራዊትም ከፍተኛውን የአየር መዓት ያየው በኋላ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያፈገፍግ ነው። በግንባር የወደቀን ብቻ የሚቆጥር ደንብ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይመዘግብም።

ሁለተኛው ስሕተት ይበልጥ ይከፋል። የራስ እምሩ ጦር በታኅሣሥ መጀመሪያ ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ድል ነሥቷል። ብዙ ሳይቆይ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በዚያው ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ ከአየር ወረደ። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል የፈረመች አገር ነበረች። ስለዚህ ጋዙ የወራሪውን ጭካኔ ብቻ ሳይሆን የአርበኛውን ጥንካሬም ይመሰክራል። «ለኢትዮጵያ እናድላ» ብለን ጋዙን ስንሰርዝ ምስክሩንም አብረን እንሰርዛለን። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዙ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት የፈጀውን ክህደት በአንድ ምሽት ለምን እንደግመዋለን?

«ጨዋታ እኮ ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለፕሩሲያ ጦር ያቀረበውም ጨዋታ ነበር፤ መኮንኖች ግን ማሰብን ተምረውበታል። ደንብ ያስተምራል። ዘንድሮ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆሙት ደግሞ ማይጨውን ከሌላ ቦታ የማያገኙት ልጆቻችን ናቸው።

ማፍረስ ብቻ እንዳይሆንብኝ አማራጭ ላቅርብ። አንደኛ፣ አውሮፕላን ሲመጣ የጦር ክፍሉ ይምረጥ፦ ወይ ተደብቆ ተራውን ይጣ፣ ወይ ተጉዞ ዳይሱን ይጋፈጥ። ሁለተኛ፣ አጋሰስና የውሃ ቦታ ዒላማ ይሁኑ፤ ስንቅ ያጣ ክፍል በየተራው ይድከም። ሦስተኛ፣ ጋዙ ይመለስ፤ የተጠቀመበትም ምንም ቅጣት አይክፈል፤ የመንግሥታቱ ማኅበር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1936 ማዕቀቡን አንሥቷልና። ሚዛን ከተፈለገ በድል መስፈርቱ ይፈለግ፦ ሠራዊቱን ከአሸንጌ አሳልፎ ያተረፈ ኢትዮጵያዊ አዛዥ አሸናፊ ይባል።

እኛ የፖሊሲ ሰዎችም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለንም። ለመቁጠር የሚያስቸግረንን በሞዴላችን ውስጥ ዜሮ ብለን እናልፋለን፤ ከዚያም ውጤቱን ማስረጃ እንለዋለን። ከሩቅ ሆኖ ስለ ጦርነት የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ምን እንደሰረዘ መናገር አለበት።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ተጋብዣለሁ። ደንቡ ካልተለወጠ ግን ወንበሬን ለሌላ ይስጡልኝ።